ረድእ፣ ረድኤት፣ እርዳታ

ወደ አማርኛ የተመለሰ የመጻፊያ ፕሮግራም ሲከፍቱ ከምናሌው ጫፍ ላይ ከሁለት ቃላት አንዱ ይጠብቅዎታል፤ «እገዛ» ወይም «እርዳታ»። የመጀመሪያውን አልፈዋለሁ፤ ሁለተኛው ግን ያስቆመኛል። ግንዱ የግዕዙ ረድአ ነው። ከእሱ ረድኤት ወጣ፣ ረዳኢ ወጣ፣ ረድእ ወጣ፤ የረድእም ብዙ አርድእት። አማርኛ ጉሮሮ ላይ የምትቀረዋን አልፍ ዋጣትና ረዳ፣ ረዳት፣ እርዳታ፣ መረዳጃ አለ። ተረዳ ደግሞ ሁለት ሥራ ይዟል፤ እገዛ አገኘም ነው፣ ገባውም ነው። የሁለቱ ፍቺ ምንጭ አንድ ይሁን ሁለት ሊቃውንት ይከራከሩበት። የእርዳታ ገጽ የሚያዘጋጅ ሰው ግን ባይለያያቸው ይሻለዋል።

የሚጣፍጠው ረድእ ነው። ቃሉን እንዳለ ቢወስዱት «ረዳት» ማለት ነው። በገዳም ግን ረድእ የሚባለው ገና የመጣው ነው፤ ውሃ የሚቀዳ፣ እንጨት የሚለቅም፣ መምህሩን እያገለገለ የሚማር። ጀማሪውና ረዳቱ በአንድ ስም ይጠራሉ። የዛሬው ሶፍትዌር ሁለቱን ለይቷቸዋል፤ ረድኡን ወንበር ላይ አስቀምጦ ረድኤቱን ምናሌ ውስጥ ቆለፈበት።

ረድእ ከተባለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሳይነሣ አይቀርም። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ እዚያ ባስፋፉት ትምህርት ቤት ከተቀመጡት አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። የገዳሙ አለቃ ማዕረግ ዐቃቤ ሰዓት ነበር፤ ከዐቀበ፣ «ጠበቀ»። ሰዓት ጠባቂው ሲቀር ቃሉ ወደ ፍርድ ቤት ገባና ዛሬ ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ያገለግላል።

ስለ ሐይቅም አንድ ነገር ልበል። በግዕዝ ሐይቅ በመጀመሪያ ውሃው ሳይሆን ዳሩ ነው፤ ሐይቀ ባሕር ማለት የባሕር ዳርቻ። አማርኛ ቃሉን ከዳር ገፋ አድርጎ ውሃው ውስጥ ከተተው። ባሕር ዳር የተባለችው ከተማ ስሟ ወደ ግዕዝ ቢመለስ ሐይቀ ባሕር በሆነች ነበር፤ ሐይቅ ከተማም በድሮው ፍቺ «ዳር» ማለት ናት። ድሮ በሁለት ክፍለ ሀገር የነበሩ ሁለት ከተሞች በሥርወ ቃል ሞክሼ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸው።

ኢየሱስ ሞዐ በ1273 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1280/81) ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል የታወቀ ነው። ብራናውን ለሥዕሉ የሚያነሡት ብዙዎች ናቸው። እኔን የሚስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከአባ ገሪማ ወንጌሎች ጀምሮ በአገራችን የቆዩ የወንጌል ብራናዎች መግቢያ ላይ የሚቀመጠው ሰንጠረዥ። የቂሣርያው አውሳብዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት ያሰናዳው ነው። ማቴዎስ በ355፣ ማርቆስ በ233፣ ሉቃስ በ342፣ ዮሐንስ በ232 ቍራጮች ይከፈላሉ፤ እያንዳንዱ ቍራጭ በኅዳጉ ላይ ቍጥሩን፣ ከሥሩም ከ10ሩ ሰንጠረዦች የትኛው ውስጥ እንደሚገኝ የሚናገር ሁለተኛ ቍጥር ይይዛል። አንባቢው ቍጥሩን ይዞ ወደ መግቢያው ይሄዳል፤ እዚያ ያው ታሪክ በሌላው ወንጌላዊ ዘንድ የት እንዳለ ያገኛል። ከዚያም ወደዚያው ይሻገራል። አውሳብዮስ ይህን ሁሉ ለቀርጵያኖስ በጻፈው ደብዳቤ ያስረዳል፤ ደብዳቤውም ከሰንጠረዡ ጋር አብሮ ይገለበጣል። አጠቃቀሙ ከዕቃው ተለይቶ አያውቅም ማለት ነው።

ሰንጠረዦቹ የሚሣሉት በአምዶች መካከል፣ ከቅስት ሥር ነው። እዚህ ላይ ቀመር የሚለው ቃል ትዝ ይለኛል። በግዕዝ ቀመር ቅስት ነው፣ የጎበጠ ጣራ ነው፤ የግሪኩ ካማራ ዘመድ ሳይሆን አይቀርም። ዑደትና ሒሳብም ነው። ካማራ በላቲን በኩል ዞሮ ካሜራ ሆኖ ስለ መጣ፣ ዛሬ በኤክሴል ቀመር የምትጽፍና በስልኳ ካሜራ ፎቶ የምታነሣ ልጅ ሁለት የአክስት ልጆችን በአንድ እጅ ይዛለች።

በገጹ ላይ ያሉት ስሞች ከቤትና ከመንገድ የተወሰዱ ናቸው። ገጽ ፊት ነው። ዐምድ ምሰሶ ነው። አንቀጽ በግዕዝ በር ነው። ምዕራፍ ከዐረፈ የወጣ ማረፊያ ነው፤ መንገደኛ የሚያድርበት። ኅዳግ ከኀደገ፣ «ተወ»፤ ጸሓፊው ሆን ብሎ የተወው ባዶ። ሐረግ ተክሉ ነው፤ በብራና ራስ ላይ የሚጠመዘዘው ጌጥም ሐረግ ይባላል፣ በሰዋስው ደግሞ ቃላት የተጠማዘዙበት ቁራጭ። ራስጌና ግርጌ ከአልጋ ተነሥተው መጡ። «ሄደር» እና «ፉተር» ብሎ ለጀማሪ የሚያስረዳ ሰው አልጋውን ቢያሳየው ዐሥር መስመር ማብራሪያ ይተርፈዋል።

ሰሌዳ ግን ከሩቅ ነው። ግሪኩ ሴሊዳ የፓፒረስ ጥቅል ላይ የተጻፈ ዐምድ፣ ቆይቶም ገጽ ነው። ግዕዝ ሰሌዳ ሲለው ጠፍጣፋ መጻፊያ ሆነ። አማርኛ ትምህርት ቤት ወስዶ ጥቁር ሰሌዳ አደረገው፣ መኪና ላይ ለጠፈው፣ አሁን ደግሞ የቁልፍ ሰሌዳ አለው። ግሪኮች በበኩላቸው ዛሬም የድረ ገጽን ገጽ ሴሊዳ ይሉታል። አንዱ ቃል ኮምፒውተሩ ጋ ሲደርስ ለእነሱ መስኮቱ ላይ ወጣ፣ ለእኛ ጣታችን ሥር ገባ።

የማተም ሙያ ዋና ቃል ለቀማ ነው። በማተሚያ ቤት ፊደል ለቀማ ይባላል፤ ሠራተኛው ፊደል ለቃሚ። የእርሳስ ፊደል ከሳጥኑ አንድ በአንድ ይነሣል፣ በመስመር ይደረደራል። ቡና ይለቀማል፣ ጥጥ ይለቀማል፣ የረድኡ እንጨት ይለቀማል። ሕፃን ግን ፊደል ይቆጥራል። ፊደል የቆጠረ አንባቢ ነው፤ ፊደል የለቀመ ባለ ሙያ። ማተም ራሱ ከኀተመ መጣ፣ ማኅተም ከማድረግ፤ አማርኛ ኀን ሲያጣ ማተሚያ አንድ መንገድ፣ ማኅተም ሌላ መንገድ ያዙ፣ የቢሮ ጸሓፊዋ ማኅተም ከማተሚያ ቤት ጋር እንደሚዛመድ የሚነግራት የለም። ከዚያ መተየብ መጣ። ከታይፕ ነው፤ ታይፕም ከግሪኩ ቲፖስ፣ ተመትቶ የታተመ ምልክት። አማርኛ ፈረንጁን ቃል ያለ ርኅራኄ አረባው፤ ተየበ፣ ይተይባል፣ ትየባ፣ ተያቢ። ቅርጸ ፊደል ደግሞ ከቀረጸ ነው፤ ይህኛውን እወደዋለሁ፣ ምንም እንኳ ሰው ሁሉ «ፎንት» ቢል።

የስም ነገር ከተነሣ፣ በግዕዝ ፊደል ተለቅሞ የታተመው የመጀመሪያ መጽሐፍ የተሳሳተ ስም ይዞ ነው የወጣው። ዮሐንስ ፖትከን በ1513 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ መዝሙረ ዳዊትን ሲያሳትም ቋንቋውን «ከለዳዊ» አለው። ጀማሪ እንዲያነብበትም የፊደል ገበታ አያይዞለታል። እርዳታው አለ፤ የተቀመጠው ግን ማንም በማይፈልገው ስም ሥር ነው። ይህ ደዌ ከ500 ዓመት በኋላም አልለቀቀንም።

አንድ ተራ ጉዳይ ልውሰድ። በሐይቅም ሆነ በደሴ በኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች መመረቂያ ጽሑፍ የሚያስተይብ ተማሪ ሁሉ የሚጠይቀው ነገር አለ፤ ምስጋናውና ማውጫው በሀ፣ ለ፣ ሐ ይቆጠሩልኝ፣ «1» ከመግቢያው ይጀምርልኝ። ተያቢዋ እርዳታውን ከፍታ «ገጽ ቁጥር» ብላ ትፈልጋለች። የሚመጣላት ቁጥር እንዴት እንደሚገባ ነው፤ እሱንማ ታውቃለች። የምትፈልገው ምሥጢር «ሴክሽን ብሬክ» በሚባል ስም ሥር ተቀምጧል። ያን ስም የሚያውቅ ሰው ደግሞ መልሱን አስቀድሞ ያውቀዋል። «ጠፋብኝ» ትላለች፤ አልጠፋም፣ ሌላ ስም ይዟል።

ጀመረ የሚለው ግሥ ራሱ በሚያውቀውና በሚጀምረው መካከል ያለውን ርቀት ያሳብቃል። ግዕዝ ለመጀመር ወጠነ ይላል፤ የአማርኛው ውጥን ከዚያ ነው። ለጀመረ በድምፅ የሚቀርበው የግዕዝ ግሥ ግን ገመረ ነው፤ ፍቺው «ፈጸመ»፣ ለግሙራ ማለትም «ፈጽሞ፣ ለዘለዓለም»። የዕብራይስጡ ጋማርም «ጨረሰ» ነው። ዘመድ ከሆኑ አማርኛ ጭራውን ይዞ ራስ አድርጎታል። የመመሪያ ጸሓፊዎች ችግር ይኸው ነው፤ ገመረ ላይ ቆመው ጀመረ ላይ ላለው ይጽፋሉ።

መመሪያ ከመርሐ ነው፤ «መራ»። ወንድሞቹ መሪ፣ መርሕ፣ መርሐ ግብር ናቸው። በባሕረ ሐሳብ ሰዎች ዘንድ መርሐ ዕዉር የሚባል ሰንጠረዥ አለ፤ የዕዉር መሪ። ርእሱ ላይ አንባቢው የማያይ መሆኑን የሚቀበል መመሪያ ከዚህ ሌላ አላውቅም።

ከዚህ ሁሉ የምወደው ግን ሰዋስው ነው። ዛሬ ሲነገር የሰዋስው ሕግ ነው የሚታሰበን። ቃሉ ግን መሰላል ነው፤ ያዕቆብ በሕልሙ ያየው። የግብፅ ክርስቲያኖች ቅብጥኛ ሲዳከምባቸው ቅብጥኛን ወደ ዓረብኛ የሚፈቱ የቃላት መጻሕፍት አዘጋጁና ሱለም፣ «መሰላል» አሏቸው። የእኛ ሊቃውንትም በዚያው ስም ግዕዝን በአማርኛ የሚፈታውን መጽሐፍ ሰዋስው አሉት። ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ገብረ እያሉ የግሥ አርእስት ያስቀምጣሉ፤ ተማሪው አዲስ ግሥ ሲያጋጥመው ከማን ጋር እንደሚሄድ ጠይቆ በአለቃው ሥር ያስገባዋል። መሰላል ታች ያለውን ሰው ታሳቢ ያደርጋል። የመጀመሪያው መርገጫ ከመሬት መድረስ አለበት።

የመዝገበ ቃላቶቻችንን መርገጫ ግን ከፍ አድርገን ሰቅለነዋል። ከመምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ወደ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ፣ ከእሳቸው ወደ ደስታ ተክለ ወልድ የተላለፈውና በ1948 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፈ ሰዋስው ወግሥ ድንቅ ሥራ ነው፤ ለመምህሩ መጽሐፍ ዕድሜውን የሰጠ ረድእ ያደረሰልን። ተራው ግን አበገደ ነው፣ አቀማመጡም በሥር። ሀለሐመ የቆጠረ ጀማሪ ምዕራፍን በ«መ» ይፈልጋል፤ ቃሉ በ«ዐ» ቤት ከዐረፈ ሥር ተኝቷል። ለእኔ ደስታ ነው፤ ስፈልግ ሌላ አሥር ነገር አገኛለሁ። ነገ ጠዋት ጽሑፍ ለሚያስረክብ ሰው ግን ደስታ አይደለም።

የኮምፒውተር ሊቁ ዶናልድ ክኑት መርገጫው ዝቅ ማለት እንዳለበት የተረዳ ይመስለኛል። የሒሳብ መጻሕፍትን ገጽ ለማሳመር የሠራውን ፕሮግራም ስም የወሰደው ከግሪኩ ቴክኔ ነው፣ ኪነትም ጥበብም ከሚለው። መጨረሻው ኪ ነውና እንደ «ክስ» አይነበብም፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሚቸገርበት ድምፅ ለእኛ ኽ አለችልን፣ ቴኽ ብለን እንጽፈዋለን። በ1984 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መመሪያ የመጀመሪያ ምዕራፉ ስለ ስሙ ነው፤ ለጀማሪ የሚሰጠው የመጀመሪያ እርዳታ ሥርወ ቃል! ከዚያ በኋላ ጠለቅ ያለው አንቀጽ ሁሉ በኅዳጉ የመኪና መንገድ ምልክት ይዟል፣ «አደገኛ ጠመዝማዛ» የሚለውን። ጀማሪ ምልክቱን ሲያይ ይዘላል፤ ለከበደው ሁለት ምልክት ተደርጓል። የትርጓሜ ተማሪ «አንድም» ሲመጣ መጀመሪያ ነጠላውን ፍቺ ይዞ እንደሚያልፈው ነው።

ቴኽ በተጨማሪ ጥቅሎች ያደገበት መንገድ ግን ያን ጥንቃቄ አልተከተለም። አንድ ሰው ከነሰነዶቹ ጭኖት «ቴኽዶክ» ብሎ የጥቅሉን ስም ቢጽፍ መመሪያው ወዲያው ይከፈትለታል። ስሙን ካወቀ። በ1990ዎቹ ሐምቡርግ ላይ ብርሃኑ በየነ፣ ማንፍሬድ ኩድሌክ፣ ኦላፍ ኩመርና ዮኸን ሜትሲንገር ለግዕዝ ፊደል ያዘጋጁት ጥቅል «ኢትዮፕ» ይባላል። ዛሬ በዩኒኮድ አማርኛ የሚጻፍበት ደግሞ «ፖሊግሎሲያ» ነው፤ ፖሊ «ብዙ»፣ ግሎሳ «ምላስ፣ ልሳን»። ብዙ ልሳን፣ ጥሩ ስም ነው። ነገር ግን «አማርኛ» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ይህን ግሪክ ከየት ያመጣል?

በዶስ ዘመን የእኛ ሰዎች ስም ሲያወጡ የተሻለ ጆሮ ነበራቸው። ዳሽን ነበር፣ ብራና ነበር፣ አጋፋሪ ነበር። አጋፋሪ! በግብር ቤት በር ላይ ቆሞ መጪውን የሚቀበል፣ ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ የሚያውቅ፣ አዲሱን ገበታ ድረስ የሚያደርስ። ስሙ ለመጻፊያው መዋሉ ያስቆጨኛል፤ ለእርዳታው ነበር የሚገባው። በምትኩ የደረሰን ማስፈንጠሪያ፣ ማለትም «ሊንክ» ነው። ከተስፈነጠረ፤ ነካ ሲያደርጉት ያሽቀነጥራል። ከእርዳታ ገጽ ወደ እርዳታ ገጽ ሦስቴ የተስፈነጠረ ጀማሪ ቃሉን ማን እንደመረጠው አይጠይቅም፣ ልክ እንደሆነ ያምናል።

ከሐይቅ ወደ ሰሜን ሲወጡ አምባሰል ነው። አምባ ግልጽ ነው፤ ሁለተኛውን ክፍል ሕዝቡ ከዓረብኛው ዐሰል ጋር አያይዞ «የማር አምባ» ይለዋል። የዓረብኛ ቃል በአማርኛ ተራራ ጫፍ ላይ እንዴት እንደወጣ ማስረዳት ይከብዳል፤ ማሩ ግን ይጣፍጣልና ዝም እላለሁ። በዚሁ ወረዳ፣ ግሸን ማርያም፣ መጽሐፈ ጤፉት የሚባል ብራና አለ። ስሙ ከጤፍ ነው ይባላል፤ ፊደሉ እንደ ጤፍ ደቃቅ ስለሆነ። ጤፍን ደግሞ ሰዎች ከጠፋ ያወጡታል፤ ከእጅ ካመለጠች አትገኝምና። በነጥብ የሚለካውን የፊደል መጠን ሁሉ ለጀማሪ ከመዘርዘር ከ8 ነጥብ በታች ያለውን «ጤፉት» ብንለው ማን ይሳሳታል? ጤፉት የሆነ የግርጌ ማስታወሻ መጥፋቱንም ስሙ ነግሮናል።

አምባሰል ቅኝትም ነው፤ ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺሆዬ ጋር። ቃኘ ክራሩን አስማማ ማለት ነው፣ አገሩን ዞሮ አየ ማለትም ነው። አዝማሪ ስለ ድምፆቹ ርቀት ምንም ሳይባል «በአምባሰል» ሲሉት የት እንደሚገባ ያውቃል። የስም ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ጀማሪም አብዛኛውን ጊዜ አይፈልግም፣ ይቃኛል፤ ምን እንደሚፈልግ ገና ስሙን አያውቀውምና። የእርዳታ መዝገብ ሁለቱንም በር ይፈልጋል፣ የባለ ሙያውን ስምና የመጪውን ስም።

ሥራው ከባድ አይደለም፤ የሰዋስው መጻሕፍት አጻጻፉን አስተምረውናል። ግዕዙ ይጻፋል፣ ቀጥሎ ብሂልን ያሳጠረች አንዲት «ብ» ትገባለች፣ ከዚያ አማርኛው። እኛ ሰው ከሚጠራው ወደ ትክክለኛው ስም ብንሄድ እንዲህ ይሆናል፤ ማርጂን ብ ኅዳግ። ሄደር ብ ራስጌ። ፉትኖት ብ የግርጌ ማስታወሻ። ፓራግራፍ ብ አንቀጽ። ሌይአውት ብ የገጽ ቅንብር። ገጽ ቁጥር ከመካከል ማስጀመር ብ ሴክሽን ብሬክ፤ ይህኛው ሌላ «ብ» ይፈልጋል። «ክፍል መግቻ» የሚሉ አሉ፤ ለእኔ ግን «ወሰን» ይሻላል። የእርሻ ወሰን የማያውቅ የአምባሰል ልጅ የለም፤ ከወሰኑ ወዲህ የአንዱ ሕግ፣ ከወሰኑ ወዲያ የሌላው። ገጽ ቁጥሩም ወሰን ሲሻገር ከ1 እንዲነሣ ማዘዝ ይቻላል። ሥሩ የግዕዙ ወሰነ ነው፤ ውሳኔም ከእሱ ነው።